ካሴት ወደ ፍላሽ የሚገለብጠው የአሸዋው ሱቅ፦ ለጌታቸው መኩሪያ አርባ የደረሰልን ካሴት

"ድሬዳዋ ውስጥ የድሮ ካሴት ወደ ፍላሽ የሚገለብጥ ሰው ታውቃለህ ወይ?" የሚለኝ ሰው በዝቷል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ግን ሱቄ ግድግዳ ላይ የሳክስፎን ተጫዋቹ የጌታቸው መኩሪያ ፎቶ ስላለ ሱሪ ሊያሳጥር የገባ ሁሉ ወሬው ወደዚያ ይወስደዋል፤ ከዚያ "እኔም ቤት እኮ የአባቴ ካሴት አለ" ይመጣል። በየቀኑ ከምደጋግመው አንዴ ልጻፈውና እፎይ ልበል።

ሱቁ አሸዋ የሚባለው የድሬ ሰፈር ነው ያለው። ስሙን የማልጽፈው ስም ስለሌለው ነው፤ ታፔላው ፀሐይ በልቶት ነጭ ቆርቆሮ ከሆነ ቆይቷል። ባጃጁን "አሸዋ" ብላችሁ ትወርዱና የብትን ጨርቅ መደዳውን ይዛችሁ ወደ ውስጥ ትገባላችሁ። ሻይ ከምታፈላዋ ሴት አጠገብ፣ በሯ ላይ የተቃጠለ ትልቅ ስፒከር እንደ በርጩማ የተቀመጠባት ጠባብ ክፍል ናት። ባለቤቱን ሰፈሩ "ኢንጂነር" ይላቸዋል። ጠዋት ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት፣ ከሰዓት ደግሞ ከአሥር በኋላ ይከፍታሉ። መሀሉ ላይ ሄዳችሁ በር ብታንኳኩ የሻይዋ ሴትዮ ናት የምትቆጣችሁ። ድሬ ናት አቦ፤ በዚያ ሙቀት በርጫ ላይ ያለ ሰው አይቀሰቀስም።

እኔ መጀመሪያ የሄድኩት በ2008 ነው። ሰኞ መጋቢት 26 ቀን ጌታቸው አዲስ አበባ አረፈ፤ 81 ዓመቱ ነበር። እኛ ቤት ወሬው የደረሰው ማክሰኞ ጠዋት ነው። አባቴ ሬዲዮ እያዳመጠ ነበርና ሲሰማ ደንግጦ ዘጋው። ወዲያው መልሶ ሲከፍተው ሌላ ዜና ሆኗል። "ይሄኔ እኮ ሙዚቃውን እያሰሙ ነበር! ምን አድርግ ብሎኝ ዘጋሁት?" ብሎ ቀኑን ሙሉ በገዛ እጁ ተናደደ።

አባቴ የምድር ባቡር ጋራዥ ውስጥ በያጅ ነበር። ትውልዱ ይፋት ነው፤ ጌታቸውም የይፋት ልጅ ስለሆነ "የአገሬ ልጅ" ነበር የሚለው፣ አንድ ቀን እንኳ በአካል ሳያወራው። በ1950ዎቹ በባቡር ሠራተኛ ፓስ አዲስ አበባ ሄዶ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሲጫወት አይቶታል። በቃ፣ አንድ ጊዜ ነው ያየው። ያችን አንድ ምሽት ግን እኛ ልጆቹ ሃምሳ ጊዜ ሰምተናታል፤ በየጊዜው የተቀመጠበት ወንበር ወደ መድረኩ አንድ ረድፍ እየቀረበ ይመጣል። ሌላም አመል ነበረው። ሽለላ ተቀምጦ አይሰማም። ካሴቱ እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ እጁ ላይ ጉርሻም ይሁን ጫት ያስቀምጥና ይነሳል፤ እጁን ወደኋላ አጣምሮ ቆሞ ይሰማና ሲያልቅ ይቀመጣል። ስንት ጊዜ ወጥ ቀዝቅዟል።

ካሴቱ ባለ 60 ደቂቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ፊሊፕስ ካሳተመው የጌታቸው ሸክላ ላይ፣ ሸክላው ያለው አንድ የጋራዥ ጓደኛው ነው የቀዳለት። በሐምሌ 30 ቀን 1998 ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ የእኛም ቤት ውሃ ገባበት። እኛ ተረፍን፤ የካሴቶቹ የብስኩት ቆርቆሮ በነጋታው ጎረቤት ግቢ ውስጥ ጭቃ ሞልቶት ተገኘ። ሌሎቹን ጣልናቸው። ይችን አባቴ በውሃ አለቅልቆ፣ ጥላ ላይ አድርቆ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ አስቀመጣት። ቴፕ ውስጥ ከትቶ ሊሞክራት ግን አልደፈረም። አሥር ዓመት ሙሉ ካሴቱ አለ፣ ሙዚቃው የለም። ማክሰኞ ዕለት ጨርቁን ፈታና "ውሰዳት እስቲ፣ ለአርባው ትደርሳለች?" አለኝ። የጌታቸው አርባ መሆኑ ነው። ግንቦት 5 ይውላል፤ እሱ ወዲያው ቆጥሮታል።

አሥር ተኩል ገደማ አሸዋ ስደርስ ሱቁ በር ላይ ሰባት ስምንት ሽማግሌዎች አገኘሁ። ከሻይ ቤቱ የፕላስቲክ ወንበር ተውሰው ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል። አብዛኞቹ ሽርጥ ነው ያገለደሙት። አንዱ ብቻ ሙሉ ኮት ለብሰዋል፣ በድሬ መጋቢት! ኢንጂነሩ አንድ ደህና ስፒከር አውጥተው ወደ መንገዱ አዙረውታል፤ ከውስጡ የጌታቸው ሳክስፎን ይጮሃል። ለቅሶ ቤት ነው የገባሁት። "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ልበል አልበል ግራ ገባኝ፤ የማን ዘመድ ነው የሚጽናናው? በመጨረሻ ለኢንጂነሩ አልኳቸው። ምንም ሳይገርማቸው "አሜን፣ ተቀመጥ" ብለው የተቃጠለውን ስፒከር አሳዩኝ።

ሁዳዴ ነበር። በመንገድ የሚያልፍ አንድ ሰውዬ ቆም ብሎ "በጾም ሙዚቃ? ያውም ሰው ሞቶ?" ሲል ኮት የለበሱት ሽማግሌ ከወንበራቸው ሳይነሱ "ጀግና ሲሞት ይፎከራል እንጂ ዝም ይባላል እንዴ!" ብለው መለሱለት። እውነታቸውን ነው። በአገራችን የጀግና ለቅሶ ላይ ሽለላውም ቀረርቶውም የወግ ነው። ጌታቸው ያደረገውም ይኸንኑ ነው፤ ከሰው ጉሮሮ የሚወጣውን ሽለላ ወስዶ በሳክስፎን አወጣው። ያውም በ1940ዎቹ፣ እዚህ አገር ሳክስፎን የሰልፍ ማርሽና የዳንስ መሣሪያ በነበረበት ጊዜ። ኋላ የውጭ ሰዎች ሲሰሙት የአሜሪካን ፍሪ ጃዝ የሰማ መስሏቸው ነበር። ከየት ይሰማል? እሱ ሲጀምር ያ ነገር አሜሪካም ገና አልመጣም። በልጅነቱ የያዘው ክራርና ማሲንቆ ነው፤ ከዚያ ክላርኔት፣ ከዚያ ሳክስፎን። ማሲንቆው ከእጁ የወጣ አይመስለኝም። ድምፁን እንዴት እንደሚያርገበግበው አዳምጡ፤ ሳብ አድርጎ ያንቀጠቅጠዋል፣ ከዚያ በድንገት ቁርጥ ያደርገዋል። ፎካሪ "ዘራፍ!" ብሎ ትንፋሽ የሚውጥበት ቦታ ላይ እሱም ይውጣል።

ለቅሶው ላይ ጭቅጭቅም ነበር። አንዱ ጌታቸው ማለት የማዘጋጃ ቤቱ ባንድ ጌታቸው ነው ይላሉ፤ በልጅነቱ የገባበት። ሌላው የቴአትር ቤቱን ዘመን ያነሳሉ። ኮት ለባሹ ጡረተኛ ፖሊስ ናቸውና "ፖሊስ ኦርኬስትራ ከገባ በኋላ ነው ሰው የሆነው" ብለው ድርቅ አሉ። ይኸኔ የኢንጂነሩ የእህት ልጅ፣ ያኔ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው፣ ስልኩን ይዞ መጣና ዘ ኤክስ ከሚባሉት ከሆላንዶቹ ጋር የተጫወተበትን ቪዲዮ ከፈተላቸው። እነዚያ ጊታራቸውን እንደ ብረታ ብረት ሠራተኛ ይቀጠቅጡታል፤ መሀላቸው ጌታቸው ጎፈር ደፍቶ፣ የጀግና ልብሱን ለብሶ፣ ፀጥ ብሎ ተራውን ይጠብቃል። ሲጀምር ጊታሩ ሁሉ ወደኋላ ይሸሻል። "እነዚህ ፈረንጆች ምንድን ነው የሚያንኳኩት?" አሉ አንዱ። "አቦ ተዋቸው! እኛ ረስተነው ነበር፤ እነሱ ናቸው በሰባ ዓመቱ ፈልገው አውሮፓ ያዞሩት" አሉ ሌላው። ትንሽ ዝም ተባለ። እኔም ውስጤን ነካኝ፣ ምክንያቱም እኛ ድሬ ውስጥ በዚያን ጊዜ ስሙን የምናነሳው ስንት ነበርን? ከእነሱ ጋር ያሳተመው የመጀመሪያው አልበም እ.ኤ.አ. በ2006፣ ሁለተኛው በ2012 ነው የወጣው።

ከዚያ ስፒከሩ ላይ ሽለላው መጣ። ስም ያላወቅኋቸው አንድ አጭር ሽማግሌ ከዘራቸውን ይዘው ብድግ አሉ። ሳክስፎኑ ሲያቋርጥ እሳቸው ይገባሉ፣ እሳቸው ሲያቋርጡ ሳክስፎኑ ይገባል። ሲጨርሱ ከግድግዳው ጥግ የነበሩ ሌላ ሽማግሌ፣ ጉንጫቸው ላይ ያለውን ጫት ሳያወጡ፣ በኦሮምኛ ገራርሳ ጀመሩ። የሻይዋ ሴትዮ ብርጭቆ ማጠቧን ትታ በቀሚሷ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ጌታቸው ማን እንደሆነ ግን አታውቅም ነበር፤ በኋላ "ለመሆኑ የሞተው የኢንጂነር ወንድም ነው እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ።

እንግዲህ ወደ ሥራቸው ልምጣ፤ የምታነቡኝ ለዚህ ነው።

ካሴቱን ስሰጣቸው ኢንጂነሩ ቴፕ ውስጥ አልከተቱትም። ይኼ ትልቅ ነጥብ ነው። ከዚያ በፊት ሌላ ቦታ ያሳየሁት ሰው ቀጥ ብሎ ሊያጫውተው ሲል ነበር ከእጁ የነጠቅኩት። እሳቸው መብራት ላይ አንስተው በመስኮቱ በኩል ጠርዙን አዩ፤ ጆሯቸው አጠገብ ወዘወዙት፤ የደረቀ ጭቃ ውስጡ ሲንኮሻኮሽ ይሰማል። በትንሽ ካቻቢቴ አምስቱን ብሎን ፈቱ። ሁለት ብሎን ዝገት በልቷቸው ስለነበር አንድ ጠብታ ዘይት ጠብ አድርገው ሻይ ጠጥተን እስክንመለስ ተዋቸው። ቅርፊቱ ሲከፈት ደቻቱ እዚያው ነበር፤ እንደ በርበሬ የደቀቀ ቀይ አቧራ ሆኖ። ክሩን የሚጫነው ስፖንጅ ረግፏል። ሁለቱን ጥቅሎች እንዳሉ በጣታቸው ጫፍ አንስተው ከአንድ ርካሽ አዲስ ካሴት ላይ ወደገለበጡት ባዶ ቅርፊት አዛወሯቸው። ከዚያ ቢክ እስክርቢቶ! በቢክ ከዳር እስከ ዳር በእጃቸው አዞሩት፤ በሌላው እጃቸው ክሩን በለስላሳ ጨርቅ ይዘው አቧራውን እየጠረጉ። ወደ ሃምሳ ደቂቃ ፈጀ። እኔ ክር የዕለት እንጀራዬ ነው፤ እንደዚያ ሳይወጠርም ሳይላላም ክር ያዞረ ሰው አላየሁም።

አንድ ቦታ ላይ ክሩ ተጨማዶ እንደ አኮርዲዮን ሆኗል። የመሀል ጣቴን ርዝመት የምታህል ነች። እሷን በምላጭ በሰያፍ ቆረጧትና ሁለቱን ጫፎች ገጥመው ከጀርባ በቀጭን ፕላስተር ያዙ። በሰያፍ የሚቆረጠው መገጣጠሚያው ሲያልፍ "ቷ" እንዳይል ነው። የእኔን ሙያ ሰው ሲሠራ የማየው ውስጥ ስፌቱን ነው፤ ገልብጬ አየሁት፣ ንጹሕ ነው። የተቆረጠችዋን ጨማዳ ደግሞ አልጣሏትም። በደብዳቤ ፖስታ ውስጥ ከተቱና "ከፊት ሀ፣ ሽለላው መሀል" ብለው ጽፈው ሰጡኝ። "ምን አደርጋታለሁ?" ስላቸው "እኔ ምን አውቄ፣ የአባትህ ናት" አሉኝ።

ያኔ ለመገልበጥ 50 ብር፣ ለመክፈቱና ለጽዳቱ 80 ብር አሉኝ። ሃምሳ ብር ቀብድ ሰጥቼ ወጣሁ። በአሥራ አምስት ቀን ውሰድ ተባልኩ። በአሥራ ስምንተኛው ቀን፣ ሚያዝያ 14፣ ስሄድ ደርሶልኛል። ሦስት ቀን ለድሬ መዘግየት አይደለም።

ችግሩ የመጣው ቤት ነው። ፍላሿን በትንሿ ስፒከር ሰክቼ ለአባቴ ከፈትኩለት። የካሴቱ "ሽሽሽ" የሚለው ድምፅ ጭራሽ የለም፤ ጥርት፣ ጽድት ያለ ነው። እኔ ደስ አለኝ። አባቴ ሁለት ደቂቃ ያህል ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ ሰማና "ይሄ ልጅ ማነው?" አለኝ።

"ጌታቸው ነዋ፣ አባዬ!"

"ተው። ጌታቸውን የሚያስመስል ልጅ ነው። ጎበዝ ነው፤ ግን ሳንባ የለውም።"

ሽለላው ሲደርስ ደግሞ አልተነሳም። ተቀምጦ ሰማው። እኔ ያኔ ነው የገባኝ፣ አንድ ነገር ጎድሏል። ማታ ብቻዬን ደግሜ ደጋግሜ ሰማሁት። ሳክስፎኑ ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ የሚጫወት ይመስላል። ከድምፁ በፊት የምትመጣዋ "ህህ" የምትለዋ አየር የለችም፤ ከንፈሩ ላይ ያለው የሸምበቆው ፍትጊያ የለም፤ ድምፁ ሲያልቅ ጭራው እንደ ጅራት አይመለስም፣ ተቆርጦ ይወድቃል።

በነጋታው ይዤው ሄድኩ። ኢንጂነሩ የጆሮ ማዳመጫውን አድርገው ግማሽ ደቂቃ ሰሙና አውልቀው የእህታቸውን ልጅ ብቻ አዩት። ለካ ልጁ ኮምፒውተሩ ላይ ድምፅ ማጽጃውን እስከ ጥግ ከፍ አድርጎት ኖሯል። ፕሮግራሙ ሙዚቃ ያልጀመረበትን ባዶ ቦታ ሰምቶ "ሽሽሽ" ማለት ይኼ ነው ብሎ ይይዝና ከሁሉም ቦታ ላይ ይነቅለዋል። የካሴት ሹክሹክታና የሰው ትንፋሽ ግን ለኮምፒውተር አንድ ናቸው፤ ሁለቱም አየር ናቸው። የሙሽራ ዘፈን ላይ ማንም አይታወቀውም። በትንፋሹ የሚኖር ሰው ላይ ስታደርገው ግን ሬሳ ነው የሚቀርህ። ልጁ ክፋት የለውም፤ "ደንበኛ ሁሉ ጥርት ይበልልኝ ነው የሚለው" አለ። ልክ ነው፣ እኔም ብጠየቅ እንደዚያው ነበር የምለው።

የባሰው ግን ያልጸዳውን ቅጂ አጥፍቶታል። ዲስኩ ስለሞላበት። ስለዚህ ክሩ እንደገና መጫወት ነበረበት፣ ያረጀ ክር ደግሞ ባጫወትከው ቁጥር ይረግፋል። ለዚህ ነው ከአምስት ኮከብ አንዱን የምቀንሰው፤ ዛሬም አልመልስላቸውም። ሰው አደራ የሰጠህን ነገር ዋናውን ቅጂ ደንበኛው "እሺ" ሳይልህ አታጠፋም። ኢንጂነሩ አልተከራከሩኝም። ሁለተኛውን ራሳቸው ሠሩት፣ ገንዘብም አልጠየቁኝም። የቴፑን "ሄድ"፣ ክሩን የሚያነበውን ማለቴ ነው፣ በአልኮል ጠረጉ፤ ከዚያ በሄዱ ጎን ያለችዋን ጥቃቅን ብሎን በካቻቢቴ በጸጉር ያህል እያዞሩ አዳመጡ። ድፍን የነበረው ድምፅ በሆነ ቅጽበት ድንገት ፊቱን የታጠበ ሰው ይመስል ብሩህ ሆነ። ካሴቱ የተቀዳበት ቴፕ ሄዱ ትንሽ ዘመም ያለ ኖሯል፤ የእሳቸውም እንደዚያው እንዲዘም ነው ያደረጉት። ይኼን ልጁ አያውቀውም ነበር፣ አሁን ግን ያውቃል።

በመሀሉ ፋሲካ ገባ፤ ሚያዝያ 23 ነበር የዋለው። ሱቁ ሳምንት ሙሉ ተዘጋ። እኔ በየቀኑ አልፋለሁ፣ የሻይዋ ሴትዮ በእጇ "የለም" ትለኛለች። የተሰጠኝ ግንቦት 4 ማታ ነው። ያን ማታ ለአባቴ አላሰማሁትም፤ ፈራሁ።

ግንቦት 5 ዓርብ ዋለ። እነዚያ ሽማግሌዎች አርባውን ከጁምዓ በኋላ ይሁን ተባብለው ተስማምተዋል፣ ከመሀላቸው ሰጋጆች አሉና። አባቴን በባጃጅ አመጣሁት። ሳምቡሳ ነበር፣ ሻይ ነበር፤ ኮት ለባሹ ኮታቸውን አልተዉም። ኢንጂነሩ ፍላሿን ተቀበሉኝ፣ ሰኩ፣ አጫውት ሊሉ ሲሉ መብራት ጠፋ። ጀነሬተር የላቸውም፤ ያኔም የለም፣ አሁንም የለም። ድሬ ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ሥራ የሚሠራ ሰው ይኼን ማሰብ አለበት ብዬ ለራሳቸውም ነግሬያቸዋለሁ።

ያዳነን ያመጣን ባጃጅ ነው። ልጁ ገና አልሄደም፤ ከኋላ ወንበሩ ሥር ሁለት ስፒከር አለው፣ ፍላሽ ይጎርሳል። ጠባቧ መንገድ ውስጥ አስገባትና ሁላችንም ከበብናት። መጀመሪያ ካሴቱ የድሮ "ሽሽሽ"ውን አለ። አባቴ ቀና አለ። ከዚያ የትንፋሽዋ "ህህ" መጣች፣ ከዚያ ሳክስፎኑ። "አልማዝ የሐረርዋ" ሲመጣ ሁሉም የሐረር ዘመድ ያለው ይመስል ፈገግ አለ። ሽለላው ሲጀምር አባቴ የባጃጇን ብረት ይዞ ከወንበሩ ተነሳ። እጁን ወደኋላ አጣመረ። ሌሎቹ አዩትና አንድ በአንድ ቆሙ። ባለ ከዘራው እንኳ በዚያን ቀን አልፎከሩም፤ ዝም ብለው ቆሙ። የተቆረጠችው ቦታ ስትደርስ ሙዚቃው እመር ብሎ አለፈ። አባቴ ግን አልዘለላትም፤ የጎደለችዋን በአፍንጫው አዜማትና ከሳክስፎኑ ወደኋላ ቀርቶ ጨረሰ። የባጃጁ ልጅ ሃምሳ ብሩን አልቀበልም አለ፤ ሙዚቃውን ስልኬ ላይ ጫኑልኝ ብቻ አለ።

ይኼ ሁሉ የ2008 ታሪክ ነው። አባቴ ካረፈ አምስት ዓመት አልፎታል። ዘንድሮ እንደገና የሄድኩት የእናቴን ካሴቶች ይዤ ነው፤ አክስቴ ከጅዳ በካሴት የላከችላት የድምፅ ደብዳቤዎች ናቸው፣ አራት ካሴት። በነገራችን ላይ የሱቁ መደርደሪያ ግማሹ በእንደነዚህ ያለ ነው የተሞላው፤ ከጅዳ፣ ከጅቡቲ፣ ከየመን የመጡ፣ ሰው አምጥቶ ሳይወስዳቸው የቀሩ ደብዳቤዎች። አሁን ለአንድ ካሴት 350 ብር ነው፤ መክፈት ካስፈለገ 200 ይጨመራል። ውድ ነው የሚል አለ። አንድ ካሴት ባለ 60 ቢሆን ኮምፒውተሩም አንድ ሰዓት ነው የሚፈጅበት፣ አይሮጥም፤ እሱን አስቡ። አሁን ሥራውን ባብዛኛው ልጁ ነው የያዘው፣ ጢም አውጥቷል። ያልጸዳውን ቅጂ ለብቻው ፎልደር ይሰጣል፤ ሳልጠይቀው ነው የሰጠኝ። ኢንጂነሩ ዓይናቸው ደክሟል፣ በር ላይ ስፒከሩ ላይ ተቀምጠው በጆሯቸው ይቆጣጠራሉ።

ፖስታዋንም ይዤላቸው ሄጄ ነበር። "ይቺን አሁን መመለስ ይቻላል?" አልኩ። ልጁ ጨማዳዋን በሁለት መስታወት መሀል ሁለት ቀን አሳድሮ አቃናትና በትርፍ ክር መሀል ቀጠላት። መጀመሪያ ያጫወታት ገልብጦ ኖሮ ወደኋላ የሚዋጥ የእንስሳ ድምፅ የመሰለ ነገር ወጣ፤ ኢንጂነሩ ከበር ላይ "ገልብጣት!" ብለው ጮሁበት። ገለበጣት። ካሴት በሴኮንድ አምስት ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ ያለን ሴኮንድ ተኩል ብቻ ነው። የአንድ ድምፅ ጭራ፣ ከዚያ አየር ሲሳብ። ሌላ ነገር የለባትም። አባቴ ያን ቀን በአፍንጫው ያዜማት ዜማ ከየት እንደመጣች እንጃ። ልጁ ዋናው ፋይል ላይ ልቀጥላት ወይ ሲለኝ ተዋት አልኩት፤ ለብቻዋ ፍላሹ ላይ አለች። ለሷ 150 ብር አስከፍሎኛል፤ ትንሽ በዛ።

አራት ኮከብ ሰጥቻለሁ። ስትሄዱ ካሴታችሁን ባጃጅ ውስጥ ፀሐይ ላይ አትተዉት፣ ይጣመማል። ጠዋት ሂዱ፣ መብራት የሚሻለው ጠዋት ነው። ካሴቱን ስትሰጡ ደግሞ ቀድማችሁ "አታጽዳው፣ እንዳለ ቅዳው" በሉት።